የሦስት ቀለም ፎቶግራፍ ምንድን ነው?

አንድ ፎቶ አለ። ነጭ ጥምጥም ያደረገ ደልደል ያለ ሰው ሰይፉን ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የለበሰው ካባ ሰማያዊ ነው፤ ዓይን የሚይዝ ሰማያዊ። አበቦቹ ሳይቀሩ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ባለፈው ሳምንት በስልክ የተነሳ ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም። የተነሳው ግን በ1911 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰውየው በማዕከላዊ እስያ የምትገኘው የቡኻራ የመጨረሻው አሚር (ገዢ)፣ አሊም ኻን ነው።

መጀመሪያ ሳየው «ይሄማ በኋላ በኮምፒውተር የተቀባ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ተሳስቻለሁ። ማንም አልቀባውም። ጉዱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፎቶው የተነሳበትን መስታወት (ያኔ ፎቶ የሚነሳው ኬሚካል በተቀባ መስታወት ላይ ነበር) አውጥታችሁ ብታዩት ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። ጥቁርና ነጭ ነው።

ታዲያ ሰማያዊው ከየት መጣ? የሦስት ቀለም ፎቶግራፍ የሚባለው ዘዴ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ስልካችሁን አብሩና ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ጠብታዋ እንደ ማጉያ ትሠራለች። ነጭ የመሰላችሁ ቦታ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ነጭ የለም። ዓይናችን ሦስቱን አንድ ላይ ሲያገኝ ነጭ ይለዋል። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲደረቡ ደግሞ ቢጫ ይሆናሉ። ግድግዳ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ አይስማማም፤ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ቢበጠበጡ የሚወጣው ጭቃ መሳይ ነገር ነውና። ልክ ነው። የብርሃን ድብልቅና የቀለም ድብልቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ይህን ወደ ፎቶ ያመጣው ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ሐሳቡን በ1855 አቀረበ። በ1861 ለንደን ውስጥ ሠርቶ አሳየ። ፎቶ አንሺው ቶማስ ሰተን አንድን ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ በተለያዩ ማጣሪያዎች (የራሳቸውን ቀለም ብርሃን ብቻ እንዲያሳልፉ በታሰቡ ባለ ቀለም መስታወቶች) በኩል ደጋግሞ አነሳው። ምስሎቹ በየራሳቸው ማጣሪያ በኩል ግድግዳ ላይ ተደርበው ሲበሩ የጥብጣቡ ቀለም ወጣ። የሚያስቀው ነገር፣ ሙከራው መሥራት አልነበረበትም። የዚያን ጊዜ የፎቶ ኬሚካል ቀይ ብርሃንን ጨርሶ አያይም ነበር። ከ100 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ምስጢሩን ደረሱበት። የጥብጣቡ ቀይ ክፍል ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃንም ያንጸባርቅ ነበር። ቀዩ ማጣሪያ ደግሞ ያን ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ማክስዌል በትክክለኛ ሐሳብና በተሳሳተ ምክንያት ተሳካለት ማለት ነው።

በደንብ እንዲሠራ ሌላ 40 ዓመት ፈጀ። መስታወቱ ቀይንም አረንጓዴንም እንዲያይ የሚያደርጉ ማቅለሚያዎች መገኘት ነበረባቸው። በርሊን ውስጥ በዚህ ሥራ ስም ያወጣው አዶልፍ ሚተ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። በ1902 አንድ ሩሲያዊ ኬሚስት ሊማር ወደ እሱ ሄደ። ሰርጌይ ፕሮኩዲን ጎርስኪ ይባላል። የአሚሩን ፎቶ ያነሳው እሱ ነው።

ጎርስኪ በ1863 ተወለደ። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የፎቶ ስቱዲዮ ነበረው፤ የፎቶ አፍቃሪዎች መጽሔትም አዘጋጅቷል። ካሜራው አንድ ረጅም መስታወት ይጎርሳል፤ 9 በ24 ሴንቲሜትር ገደማ። መጀመሪያ በሰማያዊ ማጣሪያ ያነሳል። ከዚያ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ በአረንጓዴ፣ አሁንም ዝቅ አድርጎ በቀይ። አንዱ መስታወት ላይ ከላይ ወደ ታች ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎች ይሰለፋሉ። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ናቸው። መስታወቱ ላይ ያለው ኔጋቲቭ ነው፤ ብሩሁ ጠቁሮ፣ ጨለማው ፈክቶ ይወጣል። ተገልብጦ ሲታተም ጠጋ ብለው ካዩት ግን ቀይ ሻሽ በቀዩ ምስል ላይ ፈካ ብሎ፣ በሰማያዊው ላይ ጠቁሮ ይታያል። ልዩነታቸው ነው ቀለሙ። እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱን ካነሱት ድስቱ አይቀመጥም።

ለማሳየትም እንዲሁ ሦስት ሌንስ ያለው መብራት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ምስል በራሱ ማጣሪያ በኩል በርቶ ሸራው ላይ ይደረባል። ቀለሙ ያለው መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው።

በ1908 ታዋቂውን ሩሲያዊ ደራሲ ቶልስቶይን በዚህ ዘዴ አነሳውና ስሙ ገነነ። በቀጣዩ ዓመት የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ፊት ቀርቦ ምስሎቹን አሳየ። ዕቅዱ ሰፊ ነበር፤ ግዛቱን ሁሉ በቀለም አንስቶ ለተማሪዎች ማሳየት። ዛሩ ወደደለት። ጨለማ ክፍል የተሠራለት የባቡር ፉርጎ ተሰጠው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወረቀቱ ነበር፤ የተከለከሉ ቦታዎች የሚያስገባ ፈቃድ፣ ባለ ሥልጣናትም እንዲተባበሩት የሚያዝ ደብዳቤ። ያለ ደብዳቤ የመንግሥት ድልድይ ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሰው ትርጉሙ ይገባዋል።

እስከ 1915 ድረስ ከኡራል ተራሮች እስከ ሳማርካንድ ዞረ። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ፋብሪካዎች፣ የሻይ ለቃሚዎች፣ የወህኒ ቤት እስረኞች፣ ትሪ ላይ እንጆሪ ይዘው የቆሙ የገበሬ ልጆች። እኔን የሚገርሙኝ እነዚህ ልጆች ናቸው። ሦስቱ ፎቶ እስኪያልቅ ፀጥ ብለው መቆም ነበረባቸው፤ ሥራው ሰከንዶች ይፈጃል፣ ብርሃን ካነሰም ከዚያ በላይ።

ውሃ ግን አይታዘዝም። ወንዝ ባለበት ፎቶ ላይ ሦስቱ ምስሎች የያዙት የተለያየ ማዕበል ስለሆነ ውሃው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጭረቶች ይታያሉ። ጢስም፣ ንፋስ ያወዛወዘው ቅጠልም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ እወደዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ምስል እስከ ሦስተኛው ያለፈው ጊዜ እዚያው ላይ ይታያልና።

በዚያው ዘመን ተፎካካሪም ነበረ። ፈረንሳዮቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1907 ኦቶክሮም የሚባለውን መስታወት ለገበያ አቀረቡ። በቀለም የተነከሩ ጥቃቅን የድንች ስታርች ቅንጣቶች መስታወቱ ላይ ተበትነው ማጣሪያ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ አንስቶ መገላገል ነው፤ ምስሉ ግን ደብዘዝ ያለና ነጠብጣብ የሚታይበት ነው።

ከዚያ የሩሲያ አብዮት መጣ። ጎርስኪ በ1918 አገሩን ለቆ በኖርዌይና በእንግሊዝ አድርጎ ፈረንሳይ ገባ። በ1944 ፓሪስ ከጀርመን ነፃ በወጣች በጥቂት ሳምንት ውስጥ እዚያው ሞተ። በአብዮቱ ዙፋኑን ያጣው አሚሩም በዚያው ዓመት ካቡል ውስጥ በስደት አርፏል።

መስታወቶቹን በ1948 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከቤተሰቡ ገዛ፤ 1,902 ኔጋቲቭ። ሦስት ሌንስ ያለው መብራት ፈልጎ የሚደርባቸው ስላልነበረ ለረጅም ዓመታት ብዙ ሰው አላያቸውም። ከ2000 ወዲህ ኮምፒውተር ያን ሥራ ተረከበ። ቤተ መጻሕፍቱ ቅጂዎቹን በነፃ ለቋቸዋል፤ ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊደርባቸው ይችላል። የላይኛው ሰማያዊ፣ የመሃሉ አረንጓዴ፣ የታችኛው ቀይ። የላይኛውንና የታችኛውን ካቀያየራችኋቸው አሚሩ ቀላ ያለ ካባ ለብሶ ቁጭ ይልላችኋል።