«ይህ ቡና ቀጥኗል» እና ሌሎች ከባንኮኒው ጀርባ የሰለቹኝ ነገሮች

እናቴ ከድሬዳዋ ደውላ «የት ተቀጠርሽ?» ስትለኝ፣ ሳላስብ «የየመኖች ቡና ቤት» አልኳት። ስልኩ ጸጥ አለ። ቆይታ ቆይታ «ልጄ፣ ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በአማርኛ «ቡና ቤት» ሲባል ቡና ትዝ የሚለው ሰው የለም፤ ትዝ የሚለው የቢራ ሳጥንና ቀይ መብራት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ይታረም። የየመን ቡና ቤት መጠጥ ቤት አይደለም፤ አልኮል የሚባል ነገር በበሩ አይገባም። እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ክፍት የሚሆነው፣ በረመዳን ደግሞ እስከ ስሁር፣ ማለትም ጾመኛው ከንጋት በፊት እስከሚበላበት ሰዓት፣ የሚቆየው፣ ማታ ከወዳጁ ጋር ተቀምጦ መጫወት እየፈለገ መጠጥ ቤት መግባት የማይሻ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዛት መታየት የጀመሩት በቅርብ ጊዜ ነው፤ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው ቃህዋ ሃውስ ሚሺጋን ውስጥ ዲርቦርን ከተማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እኔ የምሠራበት ቤት ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል። ደንበኞቻችን ውስጥ ሐበሻ ቀላል ቁጥር የለውም። የምጽፈውም ለእነሱ ነው፤ አንድን ነገር በቀን አሥር ጊዜ ከማስረዳት አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል።

«ሴት ብቻዋን አትገባም።» ትገባለች። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኮምፒውተር ከፍተው የሚያጠኑትን ቁጠሩልኝ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

«ክርስቲያን ቢገባ ይከፋቸዋል።» ሂሳቡን ሳይከፍል ቢወጣ ነው የሚከፋቸው።

«ቀለሙ የሳሳ ቡና ጉልበት የለውም።» ቀለሙ የሚነግራችሁ ቡናው ምን ያህል እንደተቆላ ነው። ካፌይን በመቁላት አይጨመርም፤ ገርጣ ብሎ የተቆላውም ቡና እንቅልፍ ይነሳል።

«ሞካ ማለት ቸኮሌት ያለበት ቡና ነው።» ይህን የሚሉኝ ልጆች ብቻ ቢሆኑ ባላዘንኩ። ሞካ በየመን የቀይ ባሕር ጠረፍ ያለች ወደብ ናት፤ በአረብኛ አል-መኻ ትባላለች። የዓለም የቡና ንግድ ለረጅም ዘመን በእሷ በኩል ሲያልፍ ስለኖረ ስሟ ለቡናው ተረፈው። ቸኮሌቱ ኋላ የመጣ የካፌ ፈጠራ ነው። የሐረር ቡናም ሳይቀር በውጭ ገበያ «ሞካ ሐረር» እየተባለ ተሸጧል፤ አያቶቻችን ያመረቱት የማዶውን ወደብ ስም ይዞ ማለት ነው። እኛ ቤት «ሞካ» ብላችሁ ብታዝዙ ቸኮሌቱን እሠራላችኋለሁ፣ ሥራዬ ነው። ብቻ «እውነተኛው የየመን ቡና ይኼ ነው» ብላችሁ ፎቶ አታንሱት።

«ቡናችንን ሰርቀው የእኛ ነው ይላሉ።» ይህን ደግሞ እኔን እንደ ከዳተኛ እያዩ ይጠይቁኛል። የአረቢካ ቡና ተክል መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው፤ አለቃዬ ከኢብ የመጣ የመናዊ ሲሆን በዚህ ተከራክሮኝ አያውቅም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት ነቅተው ለመቆየት ቡና ይጠጡ እንደነበር የተጻፈ ማስረጃ አለ፤ በዚህ እኔም አልከራከረውም። «አረቢካ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1753 ያወጣው ሊኔየስ የሚባል ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ ቅሬታ ያለው ወደዚያ ይጻፍ። የፍየል እረኛውን ተረት እንደ ማስረጃ ለሚያመጡልኝም፣ ታሪኩ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ፣ በላቲን፣ በአንድ የማሮናይት (የሊባኖስ ክርስቲያን) ሊቅ መጽሐፍ ውስጥ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» ስንልም የምንናገረው አረብኛ ነው።

«ዓደኒ ሻይ የእኛው ሻይ በወተት ነው።» አይደለም። ሻዩ ከሄል፣ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ረጅም ጊዜ ተፈልቶ ነው የጣሳ ወተት የሚገባበት፤ ወተቱም አብሮ ይፈላል። ህንድ ህንድ ከሸተታችሁ አፍንጫችሁ አልተሳሳተም። የየመኗ ወደብ ዓደን ከ1839 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ እስከ 1937 ድረስ ደግሞ የምትተዳደረው ከህንድ ነበር። ሻዩ ከነቅመሙ በዚያ መንገድ ነው የመጣው። ስኳር የማይስማማችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በብዙ ቤት ድስቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚፈላው፣ በኋላ ማውጣት አልችልም።

የጾም ነገር ራሱን የቻለ ስቃይ ነው። በሁዳዴ አንዲት እናት ገብተው «ሰባያ ዱቄትና ማር ብቻ ነው፣ የጾም ነው፣ ልጄ ነግራኛለች» አሉኝ። እትዬ፣ ልጅዎ አሳስታዎታለች። ሰባያ፣ በሌላ ስሙ ቢንት አስ-ሰሕን («የሳህን ልጅ» እንደ ማለት ነው፣ ሳህን ያው የእኛው ሳህን)፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ ተደራርቦ የሚጋገር ነው፤ በየንጣፉ መካከል የነጠረ ቅቤ ይቀባል፣ ሊጡ ውስጥ እንቁላል አለ፣ ከላይ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነሳል፣ ከዚያ በትኩሱ ማር ይፈስበታል። «የንብ ቀፎ» የሚባለው ኸልየት ነሕል ደግሞ የባሰ ነው፤ እያንዳንዷ ድቡልቡል ዳቦ ሆዷ ውስጥ አይብ አለባት። ባስቡሳውም፣ ባቅላባውም ያለ ቅቤ አይሆንም። በጾም እኛ ቤት የሚያዋጣችሁ ያለ ወተት የተፈላ ሻይ፣ ሰንዓኒ ቡና (ሄል ያለው)፣ ቂሽር (ከቡና ገለባ የሚፈላው) እና ካለ ቴምር ነው። ሙፈወር የሚለውን ቡና እለፉት፣ ክሬም አለበት። ሴትዮዋ ግን አኩርፈው ወጡ፤ በማግሥቱ ከዚያችው ልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ፣ ልጅቱ ሰባያ በላች፣ እሳቸው ቴምር።

በጾም ላልሆናችሁም አንድ ነገር። ሰባያና የንብ ቀፎ ከመስታወቱ ውስጥ የሚነሱ ኬኮች አይደሉም፤ በትኩሱ ካልተበሉ ጣዕማቸው ግማሽ ነው። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃሉ። ስትነሡ ደውላችሁ እዘዙ፣ አለበለዚያ አራተኛው ደቂቃ ላይ እጃችሁን እያነሣችሁ አትጥሩኝ። ደግሞ ለብቻ አይታዘዙም፤ አንዱ ሰባያ አራት ሰው ያጠግባል። ማሩም ሁልጊዜ ያ የተወራለት፣ ከየመኗ ሐድረሞት የሚመጣው ሲድር ማር አይደለም። ሲድር ማለት ቁርቁራ ነው፤ የቁርቁራ አበባ ማር ውድ ስለሆነ ማንም ነጋዴ ዳቦ ላይ እንደ ውኃ አያፈሰውም።

አሁን ወደ ቂሽር። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በእሱ የተነሳ ነው።

በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚደገም ትዕይንት አለ፣ የመጨረሻውን ልንገራችሁ። አንድ ጋሼ ከባለቤታቸውና ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር መጡ። «የራሳቸውን ባህላዊ ቡና አምጪልን» አሉኝ። ምን ዓይነት እንደሚፈልጉ ስጠይቅ ዝርዝሩን ሳያዩ «ይሄ» ብለው በጣታቸው ቂሽር ላይ አረፉ። «ጋሼ፣ ይህ ከቡና ገለባ የሚፈላ ነው» አልኳቸው፤ ወሬ ላይ ስለነበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመስታወት ማንቆርቆሪያውን ሻማዋ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። አንድ ደቂቃ አልቆየም።

«ልጄ፣ ይህ ቡና ቀጥኗል። ከበረካ በኋላ ያለውን ነው የሰጣችሁኝ?»

እንደገና አስረዳሁ። አሁን ሰሙኝ። «ገለባ? በገንዘቤ ገለባ ሸጣችሁልኝ? እኛ አገር እኮ ይኼ የሚጣል ነው!»

ይኼ ነው የሰለቸኝ። ቂሽር የቀጠነ ቡና አይደለም፤ ምክንያቱም ፍሬው የለበትም። ቀይ የቡና እሸት ከነልብሱ ሲደርቅ እኛ ጀንፈል የምንለው ይሆናል፤ ተፈልፍሎ ፍሬው ለቁላት ሲሄድ የሚቀረው ደረቁ ቅርፊት ነው ቂሽር። የመን ተራሮች ላይ ቡና በአብዛኛው በዚህ መንገድ፣ ብዙ ጊዜም የቤት ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ ስለሚደርቅ ቅርፊቱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ከዝንጅብል ጋር፣ አንዳንዴም ቀረፋ ተጨምሮበት ይፈላል። ጣዕሙ ወደ ዘቢብና ወደ ደረቅ ፍራፍሬ ነው የሚሄደው። ቡና ቡና እንዲል መጠበቅ ከብርቱካን ልጣጭ ሻይ ጭማቂ መጠበቅ ነው።

«የድሃ መጠጥ ነው፣ ፍሬውን ለፈረንጅ ሸጠው ገለባውን ለራሳቸው አስቀሩ» የሚሉም አሉ። ፍሬው ለገበያ፣ ቅርፊቱ ለቤት መሆኑ እውነትነት አለው። ነገር ግን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመን የደረሱ ፈረንሳውያን የቅርፊቱን መጠጥ ታላላቆች ሲጠጡት አይተው «የሱልጣኗ ቡና» ብለው ነው የጻፉለት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 የደረቀ የቡና ቅርፊት ለምግብነት እንዲሸጥ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ እዚያ ያሉ ካፌዎች «ካስካራ» በሚለው የስፓኝ ስም ያቀርቡታል። በስፓኝ ስም ሲጠራ ማንም «ገለባ ሸጣችሁልኝ» አይልም፤ ፎቶ ያነሳል።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ፦ «ቂሽር ካፌይን የለውም።» ከቡና ያንሳል እንጂ አለው። አንዱ ደንበኛ ይህን አምኖ ማታ ትልቁን ማንቆርቆሪያ ብቻውን ከጨረሰ በኋላ ጣሪያ ሲቆጥር ማደሩን በማግሥቱ መጥቶ ነገረኝ፤ እኔ ያፈላሁበት በደል ይመስል።

ስለዚህ የጀበና ቡና የለመደ ሰው መጀመሪያ ሰንዓኒ ይዘዝ፤ ቡና ነው፣ ሄል አለው፣ ወተት የለውም። ሁለቱን ማወቅ የሚፈልግ ጁባኒ ይዘዝ፤ ፍሬና ቅርፊት ከቅመም ጋር የተቀላቀለበት ነው። ቂሽር የሚያዝ ቂሽር እየጠጣ መሆኑን አውቆ ይዘዝ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። እሳቸው ሂሳብ ሊከራከሩ ሲነሡ ባለቤታቸው ስኒውን አንሥተው ቀመሱ። ሐረር ነው ያደጉት። «አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ» አሏቸው። «ይኼማ ሆጃ ነው፣ ወተቱ ጎድሎ ነው እንጂ።» ሆጃ ሐረር ላይ የቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፤ እኔም ድሬዳዋ ጎረቤት ቤት ጠጥቼው አድጌአለሁ። ሴትዮዋ ትኩስ ወተት ጠየቁኝ፣ አመጣሁላቸው፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አፈሰሱትና ለአራቱም ቀዱ። ጋሼ ሁለት ስኒ ጠጡ፣ ምንም አላሉም።

ይህን ሁሉ አለቃዬ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆኖ ሲያይ ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንደሞተበት ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቂሽር ውስጥ ወተት ጨመሩበት?» አለኝ። «እንዲህ ነው የሚጠጣው» አልኩት። ራሱን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። ለእሱም አንድ ቀን መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።