ፒ-ቫሊዩ ምንድን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ተማሪ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ «ሲግ.» የምትለዋን፣ ፒ-ቫሊዩ የሚቀመጥባትን ዓምድ ሳያውቃት አይቀርም። እዚያ ያለው ቁጥር ከ0.05 ካነሰ «ሲግኒፊካንት ነው» (ትርጉም ያለው ልዩነት ተገኘ እንደማለት) ብሎ ይጽፋል፤ ከበለጠ ቅር ይለዋል። ፈታኙ «ይህ 0.03 ምን ማለት ነው?» ሲለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልስ «ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ 3 በመቶ ነው» የሚል ነው። መልሱ ለእውነተኛው ትርጉም በጣም ስለሚቀርብ ልክ ይመስላል፤ ግን ልክ አይደለም።

ትርጉሙ ይህ ነው፦ በምናጠናው ሕዝብ ውስጥ ምንም ልዩነት ወይም ግንኙነት ባይኖር፣ በናሙናችን ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያም በላይ ጎልቶ የወጣ ውጤት በአጋጣሚ ብቻ የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ፒ-ቫሊዩ ይባላል። «ምንም የለም» የሚለው መነሻ ግምት ደግሞ ነል ሃይፖቴሲስ ነው። ስሌቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሠራው ነል ሃይፖቴሲሱ እውነት ነው ተብሎ ነው። እውነት ነው ብለን ይዘን ያሰላነው ቁጥር፣ መልሶ ያው ግምት እውነት የመሆኑን ዕድል ሊነግረን አይችልም።

ነገሩን በጣት ቆጥሮ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ሮታምስቴድ በተባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ ሮናልድ ፊሸር የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ይሠራ ነበር። የአልጌ ተመራማሪ የነበረችው ባልደረባው ሙሪየል ብሪስቶል፣ ስኒው ውስጥ ወተቱ ይቅደም ሻዩ ቀምሼ እለያለሁ አለች። ፊሸርም ፈተና አዘጋጀላት፦ 8 ስኒ ሻይ ይቀርባል፣ በ4ቱ ወተት ቀድሟል፣ በ4ቱ ሻይ ቀድሟል፣ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ተደባልቋል። የእሷ ሥራ ወተት የቀደመባቸውን 4 ስኒዎች ለይቶ ማውጣት ነው።

ከ8 ስኒ 4ቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም የማይለይ ሰው ዝም ብሎ ገምቶ አራቱንም የማግኘቱ ዕድል 1 ለ70፣ ማለትም 0.014 ገደማ ነው። ሦስቱን አግኝታ አንዱን ብትስትስ? ከትክክለኞቹ አራት ሦስቱን በ4 መንገድ፣ ከሌሎቹ አራት አንዱን በ4 መንገድ መምረጥ ስለሚቻል እንዲህ ያሉ ምርጫዎች 16 ናቸው። «ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ» ስላልን፣ ሁሉንም ያገኘችበትን 1 ጨምረን 17 ለ70 እናደርገዋለን፤ ይህም 0.24 ነው። ምንም የማይለይ ሰው እንኳ ከአራት ጊዜ በአንዱ ያህል ይህን ውጤት ያገኛል ማለት ነው። 3 ከ4 ሲሰሙት ጥሩ ውጤት ይመስላል፣ በማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። ስኒዎቹ 6 ብቻ ቢሆኑ ደግሞ መንገዶቹ 20 ስለሚሆኑ፣ ሁሉንም ብትለይ እንኳ ፒ-ቫሊዩው ከ0.05 በታች መውረድ አይችልም። የናሙና መጠን ጥናት ከመጀመሩ በፊት መወሰን ያለበት ለዚህ ነው።

0.05 ራሱ ከተፈጥሮ የተገኘ ድንበር አይደለም። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ለአሠራር ይመቻል ብሎ ያስፋፋው ልማድ ነው፤ በ1926ም 1 ለ20 የማያጠግበው ሰው ድንበሩን 1 ለ50 ወይም 1 ለ100 ላይ ሊያደርገው እንደሚችል ጽፏል። የቅንጣት ፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2012 ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት መገኘቱን ሲያበስሩ የተጠቀሙበት ድንበር 1 ለ3.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። 0.049 ሲወጣ መደሰት፣ 0.051 ሲወጣ ጥናቱን እንደ ከሸፈ መቁጠር ምክንያት የለውም፤ ሁለቱ ቁጥሮች የያዙት ማስረጃ አንድ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ተለመደው የተማሪ ሥራ እንምጣ። ሁለት ክፍሎች በተለያየ ዘዴ ተምረው ፈተና ወሰዱ እንበል፣ በእያንዳንዱ 30 ተማሪ። የአንዱ አማካይ 64.2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ነጥቦቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) 11፤ የሌላው አማካይ 58.1፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 12። ልዩነቱ 6.1 ነጥብ ነው። የልዩነቱን ስታንዳርድ ኤረር (ልዩነቱ ከናሙና ናሙና በአጋጣሚ የሚዋዠቅበትን መጠን) ለማግኘት 11 ሲባዛ በራሱ 121ን ለ30፣ 12 ሲባዛ በራሱ 144ን ለ30 እናካፍላለን፤ ሁለቱን ደምረን ስኩዌር ሩት ስናወጣ 2.97 ይሆናል። 6.1 ሲካፈል ለ2.97 ቲ የሚባለውን ቁጥር ይሰጠናል፤ ቲ = 2.05 ነው። በ58 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ከ60ው ተማሪ ለሁለቱ አማካዮች ሁለት ተቀንሶ) የሁለት ጫፍ ፒ-ቫሊዩው፣ ማለትም ልዩነቱ ለየትኛውም ክፍል ቢያደላ የሚቆጥረው፣ 0.045 ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ በእጅ የሠራ ተማሪ ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን ሠንጠረዥ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ኤስፒኤስኤስ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ አለ። የኢንዲፔንደንት ሳምፕልስ ቲ-ቴስት (ከላይ የሠራነው ዓይነት ስሌት) ሠንጠረዥ «ሲግ.» የሚል ነገር በሁለት ቦታ ያሳያል። በግራ በኩል ያለው የሌቪን ቴስት ነው፤ እሱ የሚጠይቀው የሁለቱ ቡድኖች ቫሪያንስ (የነጥቦቹ መበታተን) እኩል ነው ወይ ብሎ እንጂ ስለ አማካዩ አይደለም። እሱን የራሱ ግኝት አድርጎ የሚዘግብ ተማሪ ሞልቷል። የሌቪኑ ከ0.05 ካነሰ ሁለተኛውን ረድፍ፣ ካልሆነ የመጀመሪያውን ረድፍ ይዞ ወደ ቀኝ መሄድና የሁለት ጫፉን ሲግ. ማንበብ ነው። አዳዲሶቹ ቅጂዎች የአንድ ጫፉንም ጎን ለጎን ስለሚያሳዩ ዓይን አነስተኛው ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውጤቱን አይቶ 0.08ን በአንድ ጫፍ 0.04 ማድረግ ማጭበርበር ነው፤ ጫፉ የሚመረጠው ዳታው ከመሰብሰቡ በፊት ነው። «.000» ሲወጣም ዜሮ ነው ማለት ስላልሆነ «ፒ < 0.001» ተብሎ ይጻፋል። በኤክሴል ለሚሠራ ደግሞ ቲ.ቴስት የተባለው ፎርሙላ አራት ነገር ይጠይቃል፦ የመጀመሪያውን ቡድን ቁጥሮች፣ የሁለተኛውን፣ የጫፍ ብዛት (2)፣ በመጨረሻም ዓይነት፤ 1 ለጥንድ፣ 2 ለእኩል ቫሪያንስ፣ 3 ለእኩል ላልሆነ። የሚመልሰው ቲን ሳይሆን ፒ-ቫሊዩውን ራሱን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዳታው ይፈተሽ። መጠይቁ ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ 99 ተብሎ ከገባና በኤስፒኤስኤሱ ቫሪያብል ቪው ገጽ ውስጥ «ሚሲንግ» ተብሎ ካልተመዘገበ፣ ሶፍትዌሩ 99ን እንደ ዕድሜ ወይም እንደ ነጥብ ቆጥሮ አማካዩን ያዛባዋል። መጠይቁ በቴሌግራም ግሩፕ ተለቆ የፈለገ ብቻ ከሞላውም ፒ-ቫሊዩው ያንን አድልዎ አያይም። የሚያውቀው የአጋጣሚን መዋዠቅ ብቻ ነው።

ትልቁ መሳሳት ግን ፒ-ቫሊዩን የልዩነት መጠን አድርጎ ማየት ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 15 የሆነ ፈተና ላይ ሁለት ቡድኖች በ0.5 ነጥብ ብቻ ተለያዩ እንበል። በእያንዳንዱ ቡድን 100 ሰው ካለ ፒ-ቫሊዩው 0.81 ገደማ ነው። ያው ግማሽ ነጥብ በእያንዳንዱ ቡድን 10,000 ሰው ሲኖር 0.018 ይሆናል። ልዩነቱ አልተለወጠም፣ ለማንም ተማሪ የሚጠቅመው ነገርም የለም፤ የተለወጠው የሰው ብዛት ነው። በተቃራኒው፣ በሁለቱ ክፍሎች ምሳሌ የ6 ነጥብ ልዩነት በእርግጥ ቢኖር እንኳ በእያንዳንዱ ቡድን 10 ሰው ብቻ የያዘ ጥናት ከአምስት ጊዜ አራቱን ያህል ሳያገኘው ያልፋል። ከአምስት አራቱን እንዲያገኘው በእያንዳንዱ ቡድን ወደ 60 ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ፒ = 0.30 ሲወጣ «ልዩነት የለም» ተብሎ አይጻፍም፤ «ልዩነት መኖሩን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘንም» ነው የሚባለው። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫም ፒ-ቫሊዩ የውጤትን መጠን ወይም ጠቀሜታ እንደማይለካ በግልጽ አስቀምጧል።

መድኃኒቱ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን (እውነተኛው ልዩነት ሊያርፍበት የሚችለውን ክልል) አብሮ መጻፍ ነው። 30 30 ተማሪ ባላቸው ሁለት ክፍሎች ምሳሌ 95 በመቶው ከ0.15 እስከ 12.05 ነጥብ ይዘረጋል። 0.045 ያለችው ቁጥር ብቻዋን ስትቀመጥ የዘዴው ጥቅም የተረጋገጠ ትመስላለች። ኢንተርቫሉ ሲታይ ግን ጥቅሙ ከምንም የማይቆጠርም፣ አንድ የውጤት ደረጃ የሚያስቀይርም ሊሆን እንደሚችል ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ እንዲህ ይገባል፦ «የመጀመሪያው ክፍል አማካይ በ6.1 ነጥብ በልጧል፤ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ0.15 እስከ 12.05፣ ቲ(58) = 2.05፣ ፒ = 0.045።»

አንድ ነገር ይቀራል። ፆታን፣ ዕድሜን፣ የትምህርት ደረጃን፣ የትዳር ሁኔታን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር እያጋጠሙ ሃያ ቴስት መሥራት የተለመደ ነው። ምንም ነገር በሌለበት ዳታ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ነፃ የሆኑ ሃያ ቴስቶች ሲሠሩ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ነው፤ 0.95ን ሃያ ጊዜ በራሱ አባዝቶ ከ1 መቀነስ ነው። ያን አንዱን መዝዞ ሌሎቹን አሥራ ዘጠኝ ሳይጠቅሱ መጻፍ የሌለ ነገር መፍጠር ነው። ቀላሉ ማስተካከያ ቦንፌሮኒ የሚባለው ነው፦ 0.05 ለቴስቶቹ ብዛት ይካፈላል፣ ለሃያ ቴስት ድንበሩ 0.0025 ይሆናል። ጠንከር ያለ ነው፤ እውነተኛ ልዩነትም ሊያስመልጥ ይችላል። የሚሻለው የሚፈተሹትን ሁለት ሦስት መላ ምቶች ፕሮፖዛሉ ላይ መጻፍ፣ ሌላውን ሁሉ ለቀጣይ ጥናት ፍንጭ ነው ብሎ ለይቶ ማቅረብ፣ የተሠሩትን ቴስቶችም በሙሉ በአባሪ ማስቀመጥ ነው።