«የግል አስተያየቴ ነው» ማለት ምን ያህል ያድናል?
ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ይሠራሉ እንበል። ፌስቡክ ገጽዎ ላይ «የምጽፈው የግል አስተያየቴ ነው» ብለዋል። ይህ መስመር ጽሑፉ የሆቴሉ አቋም አለመሆኑን ለአንባቢ ይነግራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ምስጢር የማውጣት ፈቃድ ግን አይሰጥም። ሐይቁ በመስኮቱ እንዲታይ ብለው እንግዳ መቀበያው ላይ የተነሡት ፎቶ፣ ክርንዎ ሥር ከተዘረጋው መዝገብ የእንግዶችን ስምና የክፍል ቁጥር ካሳየ፣ መስመሩ አያድንዎትም። (የደንብ ልብስ ለብሰው ከሆነማ «የግል» መሆኑን ማን ያምናል?) ከሕግም አያስጥልም፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥፋቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት ገጽ ከሆነ ቅጣቱን ያከብዳል። ለደንበኛ ቅሬታ ደግሞ መልስ የሚሰጠው በሆቴሉ የተወከለ ሰው ነው። እርስዎ በቅንነት «ገንዘብዎ ይመለሳል» ብለው ቢጽፉ፣ ደንበኛው የሆቴሉ ቃል አድርጎ ይወስደዋል።