እስረኛ ጥየቃን ማስተማር፦ ኤል ሬፉጂዮ እና የላምፕኪን የስደተኞች ማቆያ

ላምፕኪን በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በስቱዋርት ካውንቲ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአትላንታ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስሟ የሚነሳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የስደተኞች ማቆያዎች የሚመደበው ስቱዋርት ማቆያ ማዕከል ነው። ሁለተኛው ኤል ሬፉጂዮ ነው፤ በስፓኒሽ "መጠለያው" ማለት ነው። ታሳሪ ሊጠይቅ ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ በነፃ የሚያድርበትና የሚመገብበት ቤት ነው። ተማሪዎችም ስለ ስደት ከክፍል ወጥተው ይማሩበታል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ መጤን ይዞ ማቆየት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ኒው ዮርክ ያለው ኤሊስ አይላንድ ከ1892 እስከ 1954፣ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ኤንጅል አይላንድ ከ1910 እስከ 1940 ለዚህ አገልግለዋል። ለዛሬው ሥርዓት መልክ የሰጠው ግን የ1996ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሕጉ ያለ ዋስ የግድ የሚታሰሩትን ሰዎች አበዛ። ጥገኝነት ጠያቂም አገር ውስጥ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ እንዲያመለክት ገደብ ጣለ። የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያስከብረው፣ ስደተኛ የሚይዘውና የሚያባርረው አይስ (ICE) የሚባለው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ2003 ነው።

ስቱዋርት የአይስ ታሳሪዎችን መቀበል የጀመረው በ2006 ነው። የሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ ነው። ያኔ ኮሬክሽንስ ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ ይባል ነበር፤ ከ2016 ጀምሮ ኮርሲቪክ ተብሏል። ቦታው ከ1,700 በላይ ሰው ይይዛል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። መንግሥት "ማቆያ" የሚለው ጉዳዩ የወንጀል ክስ ስላልሆነ ነው። አጥሩንና የደንብ ልብሱን ያየ ሰው ግን እስር ቤት ከማለት አይመለስም። ኩባንያው የወጣውን መስፈርት እንደሚያሟላ ይናገራል። እዚያ የነበሩ ሰዎችና የመብት ተከራካሪዎች አይስማሙም፤ በተለይ በሕክምናው ላይ ያለው ቅሬታ የቆየ ነው።

ትልቁ ጣጣ ርቀቱ ነው። ታሳሪው ጠበቃ የመያዝ መብት አለው፤ መንግሥት ግን አያቆምለትም። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ከከተማ ርቆ ጠበቃ ከየት ያመጣል? ዋስ ቢፈቀድለት እንኳ ሕጉ ከ1,500 ዶላር በታች አይወርድም። ዘመድም ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ይመጣል።

ኤል ሬፉጂዮ በ2010 የተከፈተው ይህን አይተው በተነሱ በጎ ፈቃደኞች ነው። ሥራው ከመሸበት እንግዳ አቀባበል አይለይም። ማን ነህ፣ ወረቀት አለህ ወይ አይባልም። አልጋ ይነጠፋል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸው፤ ታሳሪን መጠየቅና እንግዳን መቀበል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጎን ለጎን መጠቀሳቸው ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ የሌለውን ታሳሪ ደግሞ ራሳቸው ሄደው ይጠይቁታል። ጥየቃው የሚታወቀው በመስታወት ማዶ፣ በስልክ በመነጋገር ነው። ልጅ አባቱን ያየዋል እንጂ አይነካውም።

ለተማሪዎች ትምህርቱ ከበሩ በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ ሰውየውን ማግኘት ነው። የአይስ ድረ ገጽ ላይ ለመፈለግ "ኤ ነምበር" የሚባለው የስደተኛው መለያ ቁጥርና የትውልድ አገሩ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከሌለ ስሙ በላቲን ፊደል ልክ እንደተመዘገበው መጻፍ አለበት። ይህ ለእኛ ስም ፈተና ነው። ፀሐይን አንዱ በ"ቲ" ይጀምረዋል፣ ሌላው በ"ኤስ"። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ አንዳንዴም ይገለበጣል። አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ሰውየው የለም ይባላል። ተማሪ ይህን ራሱ ሲሞክረው፣ ወንድሟን የምትፈልግ እህት ምን እንደሚሰማት ከየትኛውም ሌክቸር በላይ ይገባዋል።

ቀጥሎ ሥነ ሥርዓቱ ይመጣል። "ለምን ታሰርክ?" አይባልም። ስለ ኬዙ ምክር አይሰጥም፣ የማይፈጸም ተስፋም አይሰጥም። ወሬውን የሚመራው ታሳሪው ነው። ስለ ኳስ ማውራት ከፈለገ ስለ ኳስ ይወራል።

አስተማሪም የራሱን ክፍል መርሳት የለበትም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1982 የፕላይለር ውሳኔ ወረቀት የሌላቸው ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማሩ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ወላጁ የታሰረበት ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። "ዘመድ የታሰረበት ማን አለ?" ብሎ እጅ እያስወጡ መጠየቅ ያንን ልጅ ማጋለጥ ነው።

ተማሪን ወደ ማቆያው መውሰድ የሰውን መከራ ማስተማሪያ ማድረግ ነው የሚል ትችት አለ። ተገቢ ስጋት ነው። ተማሪው አንድ ጊዜ አይቶ፣ አልቅሶ ከቀረ ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ለታሳሪው ደብዳቤ እየጻፈ ከቀጠለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ተመሳሳይ ሥራ ሌላም ቦታ አለ። በቴክሳስ ግዛት በኤል ፓሶ ከተማ አናንሲየሽን ሃውስ ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ያስጠልላል፤ በኮሎራዶ ካሳ ዴ ፓዝ በ2012 ተመሥርቷል።

ወደ ላምፕኪን ስንመለስ፣ ተማሪዎቹ ለታሳሪ ደብዳቤ አጻጻፉንም ይለማመዱታል። አጭር፣ በግልጽ የእጅ ጽሑፍ፣ ኤ ነምበሩ ፖስታው ላይ ተጽፎ። ታሳሪ ሳይነገረው ወደ ሌላ ግዛት ሊዛወር ወይም ዲፖርት ሊደረግ ይችላል። ያኔ ደብዳቤው ሳይከፈት ለላኪው ይመለሳል። ተማሪው ፖስታውን ይዞ እንደገና ድረ ገጹ ላይ የታሳሪውን ስም ይጽፋል፣ አንዴ በ"ቲ"፣ አንዴ በ"ኤስ"።