ዱዋል ቡት፦ ሁለት ሲስተም ያለው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል

ማታ በሰላም የተዘጋ ላፕቶፕ ጠዋት ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ አሳይቶ ቀጥ ይላል። ዊንዶውስም የለም፣ ኡቡንቱም የለም። ባለቤቱ ደንግጦ ጥገና ቤት ይወስደዋል። እዚያም ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ፎርማት ሲደረግ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የሰርግ ፎቶውም፣ የሱቅ ሒሳቡም አብሮ ይሄዳል። በጣም ያሳዝናል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ የትም አልሄደም። የተበላሸው ወደ ፋይሉ የሚያደርሰው መንገድ ብቻ ነው።

ዱዋል ቡት የሚባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም) ጎን ለጎን ጭኖ፣ ማሽኑ ሲበራ አንዱን እየመረጡ መሥራት ነው። በብዛት የሚታየው ዊንዶውስና ሊኑክስ ሲጣመሩ ነው። ከሊኑክስ ደግሞ በፈረንጆቹ 2004 የወጣው ኡቡንቱ ጎልቶ ይታወቃል። አፕልም በ2006 ቡት ካምፕ በሚል ፕሮግራም ማክ ላይ ዊንዶውስ እንዲጫን አድርጎ ነበር። ከ2020 ጀምሮ በራሱ ቺፕ የሠራቸው ማኮች ላይ ግን ይህ የለም። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ያላቸው ሰዎች ሊኑክስን የሚሞክሩበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አግኝተዋል።

ብልሽቱን ለመረዳት ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ ግድ ነው። ማብሪያውን ሲጫኑ መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በድሮዎቹ ማሽኖች ባዮስ ይባላል፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ። ባዮስ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሃርድ ዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ እዚያ ያገኘውን ማስኬድ። ይህች ጠባብ ቦታ ኤምቢአር ትባላለች። ከ512ቱ ውስጥ ለማስነሻ ፕሮግራሙ የሚቀረው 446 ባይት ብቻ ነው። ሁለት ሲስተም እዚያች ቦታ ላይ ሲሻሙ መጨረሻ የተጫነው የቀደመውን ይደመስሳል። «ዊንዶውስን አስቀድም፣ ሊኑክስን አስከትል» የሚለው የድሮ ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

ዩኢኤፍአይ ሽሚያውን አቃልሎታል። ዲስኩ ላይ ኢኤስፒ የምትባል ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) አለች። እያንዳንዱ ሲስተም ማስነሻውን በራሱ ፎልደር ውስጥ እዚያ ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ «ማይክሮሶፍት» በሚል፣ ኡቡንቱ «ኡቡንቱ» በሚል። ማዘርቦርዱ ደግሞ ማን እንደሚቀድም የሚናገር ዝርዝር በራሱ ሜሞሪ ይይዛል። የኡቡንቱ ማስነሻ ግሩብ ነው። ኤሪክ ቦሊን በፈረንጆቹ 1995 የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኞቹ ሊኑክሶች የሚጠቀሙት ሁለተኛውን ትውልድ ነው። «ኡቡንቱ ወይስ ዊንዶውስ?» ብሎ የሚጠይቀው ሜኑ የእሱ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «የት ድረስ ደረሰ?» ነው። የላፕቶፑ አርማ ታይቶ ቆመ? የግሩብ ሜኑ መጣ? ሜኑው መጥቶ ከተመረጠ በኋላ ነው የቀረው? መልሱ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግማሹን ይነግራል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት ትልቅ እርዳታ ነው፤ አንዳንዱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

በጣም የተለመደውና በጣም ቀላሉ ችግር ይኸውና። ዊንዶውስ አፕዴት አድርጎ ሲነሳ የግሩብ ሜኑ ድራሹ ይጠፋል። ማሽኑ በቀጥታ ዊንዶውስ ውስጥ ይገባል። ሰው ኡቡንቱ የተሰረዘበት ይመስለዋል። የሆነው ግን ዝርዝሩ ላይ የዊንዶውስ ማስነሻ ወደ ላይ መውጣቱ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲበራ የቡት ሜኑ ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ፤ ብዙ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። «ኡቡንቱ» የሚል ስም ከታየ እሱን መርጠው ይግቡ። ከዚያ ባዮስ ሴቲንግ (በአዲሶቹ ማሽኖችም ብዙ ሰው በዚህ ስም ይጠራዋል) ውስጥ ኡቡንቱን ወደ ላይ ማውጣት፣ ወይም ከኡቡንቱ ውስጥ ኢኤፍአይ ቡት ማናጀር በሚባለው ትእዛዝ ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። 5 ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህች 5 ደቂቃ ሥራ ስንት ሰው ሃርድ ዲስኩን አስጠርጓል!

ተቃራኒውም አለ። የግሩብ ሜኑ ይመጣል፣ ዊንዶውስ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ግሩብ በፈረንጆቹ 2021 በወጣው 2.06 እትሙ፣ ኦኤስ ፕሮበር የሚባለውንና ሌሎች ሲስተሞችን ፈልጎ የሚያገኘውን ፕሮግራም ለደህንነት ሲባል እንደ መነሻ ዘግቶታል። የግሩብን የማስተካከያ ፋይል ከፍቶ ይህ መከልከል እንዲቀር መጻፍና «አፕዴት ግሩብ» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ ዊንዶውስን ይመልሰዋል።

ሰውን በጣም የሚያስደነግጠው «ግሩብ ሬስኪዩ» የሚለው ስክሪን ነው። ጥቁር ገጽ፣ «ኖ ሰች ፓርቲሽን» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩ የምታበራ የጽሑፍ ምልክት። ሌላ ምንም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ፓርቲሽን ሲሰርዝ ወይም ሲከፋፍል ነው። ግሩብ ቀሪ ፋይሎቹን የሚፈልገው በፓርቲሽን ቁጥር ከሆነ፣ ቁጥሩ ሲዛባ ቤቱ ይጠፋበታል። ደግነቱ ይህ ስክሪን የሞተ አይደለም፤ ጥያቄ ይቀበላል። «ኤልኤስ» ብለው ሲጽፉ ያሉትን ፓርቲሽኖች በቅንፍ ይዘረዝራል። አንድ በአንድ «ኤልኤስ» እያሉ ይጠይቁት። አብዛኞቹ «አንኖን ፋይልሲስተም» ብለው ይመልሳሉ። አንዱ ላይ ግን «ቡት» እና «ግሩብ» የሚሉ ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። የሊኑክሱ ቤት እሱ ነው። «ሴት ሩት» እና «ሴት ፕሪፊክስ» በሚሉት ትእዛዞች ይህንን ፓርቲሽን ያመለክቱትና «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ቀጥሎ «ኖርማል» ይበሉ። የጠፋው ሜኑ ይመጣል። ኡቡንቱ ውስጥ እንደገቡ ግሩብን እንደገና መጫን ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሚቀጥለው ማብራት ያው ጥቁር ስክሪን ይጠብቃል። የሊኑክሱ ፓርቲሽን ራሱ ተሰርዞ ከሆነ ግን ግሩብ የሚመለስበት ቤት የለውም፤ ያኔ የዊንዶውስን ማስነሻ ማስቀደም ነው መፍትሔው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ፍላሽ ይመጣል። የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ ሰክተው፣ «ሳይጭኑ ይሞክሩ» በሚለው መንገድ ከተነሱ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማየት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ፋይልዎን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ከዚያ ቡት ሪፔር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኖ ማስኬድ ብዙውን የግሩብ ችግር በራሱ ይፈታል። ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነገር አለ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም የተጫነው በዩኢኤፍአይ ከሆነ ፍላሹም በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት። በባዮስ መንገድ ተነስቶ የዩኢኤፍአይን ግሩብ ለመጠገን መሞከር ሌላ ራስ ምታት ይጨምራል።

ዊንዶውስ ራሱ አልነሳ ሲልም መንገድ አለ። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ የማስነሻ መረጃውን ቢሲዲ በሚባል ፋይል ይይዛል። እሱ ሲበላሽ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስገብተው ሺፍትና ኤፍ10 ሲጫኑ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። ለኢኤስፒዋ ዲስክፓርት በሚባለው ትእዛዝ የዲስክ ፊደል ይሰጣታል፤ ቀጥሎ «ቢሲዲ ቡት» የሚለው ትእዛዝ ማስነሻውን እንደ አዲስ ይጽፋል። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው የሚመከረው «ፊክስ ኤምቢአር» ግን ለድሮ ባዮስ ማሽኖች ነው። እዚያም ቢሆን ግሩብን ከቦታው እንደሚያነሳው ማወቅ ያስፈልጋል።

በፈረንጆቹ ከ2012፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ነገሩን ያወሳሰበው ሴኪዩር ቡት ነው። ማዘርቦርዱ ፊርማ የሌለውን ማስነሻ እንዳያስኬድ ይከለክላል። ኡቡንቱ ይህን የሚያልፈው ሺም በምትባል ማይክሮሶፍት በፈረመላት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት የቆዩና የደህንነት ቀዳዳ ያለባቸውን ማስነሻዎች የሚያግድ ዝርዝር ይዞ መጣ። ማይክሮሶፍት ዱዋል ቡት ያላቸውን ማሽኖች እንደማይነካ ተናግሮ ነበር። ነካ። ብዙ ሰው ኡቡንቱን ሲመርጥ «ሰምቲንግ ሃዝ ጎን ሲሪየስሊ ሮንግ» የሚል መልእክት ታየው፤ ማሽኑም ጠፋ። መውጫው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው መዝጋት፣ ኡቡንቱ ውስጥ ገብቶ ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የእገዳ ዝርዝሩን መሰረዝ፣ ሲስተሙን አፕዴት አድርጎ ሴኪዩር ቡትን መልሶ መክፈት ነበር። ማይክሮሶፍት ችግሩን ሙሉ በሙሉ ያስተካከለው በ2017 ዓ.ም. ግንቦት በወጣ አፕዴት ነው። ዘጠኝ ወር መሆኑ ነው፤ ይህ ለተጠቃሚው ብዙ ነው።

ሴኪዩር ቡትን ከመንካት በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ፤ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ የማስነሻው ሁኔታ ሲቀየር ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው ሥራ ላይ ውሎ ይገኛል። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ ሲከፈት በገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። ካልተገኘ ግን ፋይሉ በእርግጥም አይከፈትም። ስለዚህ ባዮስን ከመክፈት በፊት ቁልፉ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው ሌላው ነገር ፋስት ስታርትአፕ ነው። ዊንዶውስ «ተዘጋሁ» ቢልም ግማሹ ተኝቶ ነው የሚቀረው። ኡቡንቱ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ሊጽፍበት ሲሞክር ይከለከላል፣ ወይም ለንባብ ብቻ ይከፍትለታል። ዱዋል ቡት ላለው ሰው ይህን ማጥፋት የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ሰዓትም ይዛባል። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። እኛ ጋ ልዩነቱ 3 ሰዓት ስለሆነ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ሲከፈት 6 ሰዓት ይላል። ሪያድ ያለ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ዱባይ 4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ደግሞ ሰዓቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ወደ ፊት ይሮጥበታል። «ታይምዴትሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ ኡቡንቱ የአገር ሰዓት እንዲጠቀም ማድረግ ሁለቱን ያስማማቸዋል።

ሰዓቱ በሰዓታት ሳይሆን በዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ግን ሌላ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ያገለገሉ ማሽኖች ላይ ይህ ብዙ ይታያል። ባትሪዋ ስትሞት ባዮስ ሴቲንጉን ሊረሳ ይችላል፤ የቡት ቅደም ተከተሉን፣ ሴኪዩር ቡትን፣ አንዳንዴም ዲስኩ የሚነበብበትን መንገድ። ይህ የመጨረሻው ሲቀየር ዊንዶውስ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ብሎ ሰማያዊ ይሆናል። ሶፍትዌር ላይ ሲለፉ ከመዋል ባትሪዋን ቀይሮ ሴቲንጉን መመለስ ይቀላል።

በመጨረሻ የመብራት ነገር አለ። መብራት በድንገት ሲሄድ ዴስክቶፕ ላይ እየተጻፈ የነበረ ነገር በግማሹ ይቀራል። ኡቡንቱ ሲነሳ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል መስመር ላይ ይቆማል። ከበላዩ ያለው ጽሑፍ የትኛው ፓርቲሽን እንደተጎዳ ይናገራል። «ኤፍኤስሲኬ» ብለው የፓርቲሽኑን ስም ከጻፉ ስህተቱን እያረመ ይሄዳል፤ ሲጨርስ «ኤግዚት» ይበሉት። በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ዲስኩ ራሱ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፋይሉን ገልብጦ አዲስ ኤስኤስዲ መግዛት ይሻላል።

ሁለት ዲስክ የሚይዝ ማሽን ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ብዙውን ይገላገላል። ዊንዶውስ በአንዱ፣ ኡቡንቱ በሌላው፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ኢኤስፒ። ኡቡንቱን ሲጭኑ የዊንዶውሱን ዲስክ ነቅሎ ማስቀመጥ አድካሚ ቢመስልም፣ ማስነሻው በስህተት እዚያኛው ላይ እንዳይጻፍ ያደርጋል። አንዱ ቢበላሽ ማሽኑን በቡት ሜኑ ቁልፉ አስነስቶ በሌላው ሥራን መቀጠል ነው።