አማሮኔ፦ ፍሬው ደርቆ የሚጠመቀው የቬሮና ቀይ ወይን

አማሮኔ የሰሜን ጣሊያን ቀይ ወይን ነው። የሚመረተው ከቬሮና ከተማ በስተሰሜን ባሉት የቫልፖሊቼላ ኮረብታዎች ላይ ነው። ኮርቪና የሚባለው የወይን ዝርያ ዋናው ሲሆን ኮርቪኖኔና ሮንዲኔላም ይገቡበታል። ከሌሎች ቀይ ወይኖች የሚለየው ግን በዝርያው ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ ፍሬው እንደተለቀመ አይጨመቅም፣ መጀመሪያ ይደርቃል።

በመስከረም አካባቢ ጤነኛ ዘለላዎች በእጅ እየተመረጡ ይለቀማሉ። ከዚያ ሳይደራረቡ በሸንበቆ ርብራብ ወይም በሳጥን ላይ ተደርድረው አየር እንደ ልብ በሚገባበት ቤት ከ100 እስከ 120 ቀን ያህል ይቆያሉ። አንድ የሻገተ ፍሬ ጎረቤቱን ሁሉ ሊያበላሽ ስለሚችል በየጊዜው ይታያሉ፣ የተበላሸው ይወጣል። ክብደታቸው በሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ውሃው ይሄድና ስኳሩና ጣዕሙ ይቀራል። ፍሬው ዘቢብ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ብርዱ በከበደበት በታኅሣሥና በጥር ይጨመቃል። እርሾው ያን ሁሉ ስኳር ወደ አልኮል ሲለውጥ ወይኑ ይከብዳል። ሕጉ ቢያንስ 14 በመቶ አልኮል ይላል፤ ብዙዎቹ ግን 15 እና 16 ይደርሳሉ። ከዚያም ቢያንስ 2 ዓመት መቆየት አለበት፣ ሪዘርቫ የሚባለው ደግሞ 4 ዓመት።

አሠራሩ ጥንታዊ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያንን ይገዛ የነበረው የንጉሥ ቴዎዶሪክ ሹም ካሲዮዶሩስ በቬሮና አገር ከደረቀ ፍሬ ስለሚጠመቅ ወይን ጽፏል። የጥንቱ ግን ጣፋጭ ነበር፤ ዛሬም ሬቾቶ የሚባለው ጣፋጩ ዘመዱ አለ። አማሮኔ የሬቾቶ ስኳር በእርሾው ተበልቶ ሲያልቅ የሚገኘው ነው። ስሙ «አማሮ»፣ መራራ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ቢመጣም ምሬቱ እንደ ጌሾ እንዳይመስላችሁ። ጣፋጭ አይደለም ለማለት ነው። የጣሊያን ከፍተኛውን የወይን ደረጃ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ወደ መቅመሱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙቀቱ ላይ ነው። ቀይ ወይን ከቤት ሙቀት ጋር ይቀርባል የሚባለው አባባል ለአማሮኔ አይሠራም፤ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ሌላው ጣዕም ይጠፋል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ክፈቱት። ሰፋ ባለ ብርጭቆ ትንሽ ብቻ ቅዱና አዙሩት፣ ከዚያ አሽቱት። የደረቀ ቼሪ፣ ፕሪም፣ ዘቢብ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ትንባሆና ቸኮሌት ይሸታል። ስትጎነጩት አፍ ይሞላል። የፍሬው ብስለት ጣፋጭ ቢያስመስለውም መጨረሻው ደረቅና ትንሽ መራራ ነው። ይህ ወይን አይቸኮልበትም፤ እንደ ቢራ የጠጣው ሰው ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ይደክማል።

ምግቡም ክብደት ያለው መሆን አለበት። የቬሮና ሰዎች በራሱ በአማሮኔ ሩዝ ያበስላሉ፣ ሪዞቶው ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። የበሬ ሥጋም በቀይ ወይን ለሰዓታት ቀስ ብሎ ይበስላል። ፓስቲሳዳ የሚባለው የከተማዋ የቆየ ወጥ ደግሞ በፈረስ ሥጋ ነው የሚሠራው፣ ለእኛ ጆሮ ከባድ ቢሆንም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ከሥጋው ይልቅ የቆየ አይብ ይበልጣል። ሞንቴ ቬሮኔዜ ወይም ብዙ ወር የቆየ ፓርሚጃኖ በትንሹ ቆርሳችሁ አብራችሁ ሞክሩት፤ ጨውና ቅባቱ የወይኑን ኃይል ይይዙለታል፣ ወይኑም አይቡን ያለሰልሰዋል።

የዓሣና የቀላል ሰላጣ ጣዕም በወይኑ ተውጦ ይጠፋል። በርበሬ የበዛበት ወጥም አይሆነውም፣ ዶሮ ወጥን ጨምሮ፤ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋልና ሁለቱም ይጎዳሉ። ከእኛ ማዕድ የሚስማማው ሚጥሚጣ ያልነካው የበሬ ጥብስ ወይም በደንብ የበሰለ የበግ አልጫ ነው።

ዋጋው ውድ ነው፤ ከብዙ ፍሬ ጥቂት ወይን ነው የሚወጣው። ለከበዳቸው ሪፓሶ አለ። መደበኛው የቫልፖሊቼላ ወይን አማሮኔ ከተጨመቀበት ፍሬ ዝቃጭ ጋር እንደገና ተደባልቆ የሚብላላ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ጥሩ የሆነ ሪፓሶ ደግሞ ለአዘቦት እራት ከበቂ በላይ ነው።