«ኦንላይን ነሽ፣ ለምን አትመልሺም?» ስለ አረንጓዴዋ ነጥብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰሞን ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወዳጄ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ስክሪንሹት አሳየኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከእጮኛው ስም ሥር «ኦንላይን» ይላል። «ተኝቻለሁ ብላኝ ነበር» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ ፊቱ ግን ፍርዱን ጨርሷል።

እኔ የምተዳደረው ፕሮግራም በመጻፍ ነው። ከሰው ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ የሚያበራውን ክፍል ራሴ ሠርቼ፣ ራሴ አበላሽቼ አውቃለሁ። ስለዚህ በትዳሩ ጉዳይ ባልገባም ነጥቧ ምን ማለት እንደሆነች ልነግረው እችል ነበር። ነጥቧ አንድ ሰርቨር (መልእክቶቹን የሚያስተላልፈው የአፑ ድርጅት ኮምፒውተር) ስለ አንድ የስልክ መስመር የያዘው ግምት ናት፤ ሰውየውን አይታው አታውቅም። ከታች ያሉት ከእሱም ከሌላውም ሰው አዘውትሬ የምሰማቸው አባባሎች ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ኦንላይን ካለ ስልኩን ይዞ እያየ ነው»

ዋትስአፕ «ኦንላይን» ሲል የሚያረጋግጠው ሁለት ነገር ነው፦ አፑ ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል፣ ስልኩም ኢንተርኔት አግኝቷል። ስክሪኑን ማን እያየው እንደሆነ ወይም የማን ቻት እንደተከፈተ አይናገርም። የቴሌግራም አሠራር ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። አፑ ራሱ ለሰርቨሩ «አሁን አለሁ» ብሎ ይልካል፤ ሰርቨሩም ይህን ከማብቂያ ሰዓት ጋር ይመዘግበዋል። ማብቂያው እስኪደርስ ወይም አፑ «ወጣሁ» እስኪል ድረስ ምልክቱ ይቆያል።

እንግዲህ ሕፃን ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ስቲከር ሲነካካ እናቲቱ ኦንላይን ናት። ቻት ከፍቶ ስልኩን ትራስ ላይ ጥሎ የተኛም ሰው ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ ኦንላይን ነው። የወዳጄ እጮኛ ያን ሌሊት ምን ታደርግ እንደነበር እኔ አላውቅም፤ ስክሪንሹቱም አያውቅም።

ተቃራኒውም ያሳስታል። ዋትስአፕ ላይ ሁለት ግራጫ ራይት ካያችሁ መልእክቱ ስልኩ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ባለቤቱ አፑን ሳይከፍት፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖም ይደርሳል። መከፈቱን የሚያሳየው ሰማያዊው ራይት የመጣው በ2014 ነው፤ እሱንም ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ግራጫ አይቶ «ዘጋኝ» ማለት የችኮላ ነው።

«ስልኩ ከጠፋ ሰርቨሩ ወዲያው ያውቃል»

ይህ ስህተት የእኔም ነበር። ለአንድ ድርጅት ሠራተኞች የውስጥ መልእክት መለዋወጫ ስሠራ ዳታቤዙ ላይ አንዲት ዓምድ ጨመርኩ፦ ሰው ሲገባ 1፣ ሲወጣ 0። ቢሮ ውስጥ ስንሞክረው እንከን አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላ ግን የዓመት ፈቃድ ወጥቶ አገር ቤት የሄደ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አረንጓዴ ሆኖ ዋለ፤ አረንጓዴ ሆኖ አደረ። አለቃው ደጋግሞ ጽፎለት መልስ ሲያጣ ተቆጣ። ሰውየው በዚያን ሰዓት ኔትወርክ የማይደርስበት ገጠር ለቅሶ ላይ ነበር።

ለካ «ውጣ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ የሚወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባትሪ ያልቃል። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ታክሲው ኔትወርክ የማይዝበት ቁልቁለት ይገባል። መስመሩ በወጉ ሲዘጋ ስልኩ ሰርቨሩን ይሰናበታል፤ ሲቆረጥ ግን የሚሰማ ነገር የለም። ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው ዝምታ ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ረጅም መልእክት እያነበበ ካለው ሰውም፣ ስልኩ ወንዝ ከገባበት ሰውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣል። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ሰርቨር መስመሩ አለመሞቱን በራሱ እንዲፈትሽ ቢታዘዝ እንኳ፣ አሠራሩን ማንም ካልቀየረው በቀር፣ ፍተሻውን የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ!

መፍትሔው በሙያው ሰዎች አጠራር ሀርትቢት፣ የልብ ምት፣ ይባላል። ስልኩ የሚናገረው ባይኖረውም በየተወሰነ ጊዜው፣ በየ30 ሰከንዱ እንበል፣ አጭር «አለሁ» ይልካል። ሰርቨሩ «አለሁ»ን በሰማ ቁጥር የሰውየውን መዝገብ ዕድሜ ያድሳል፤ እንደ ሬዲስ ባለ ማስቀመጫ ውስጥ ዕድሜው ያለቀ መዝገብ ራሱ ይጠፋል። ሦስት ምት ከቀረ ሰውየው ወጥቷል ብለን እንወስናለን። በዚህ ሒሳብ ስልኩ ከሞተ በኋላ ነጥቧ እስከ 90 ሰከንድ ድረስ በሕይወት ትቆያለች።

ለምን አናሳጥረውም? ሞክሬዋለሁ። በየ5 ሰከንዱ «አለሁ» የሚል ስልክ ባትሪም ይበላል፣ ዳታም ይበላል። ደካማ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ምቶቹ ስለሚዘገዩ ሰዎች እንደ ገና ዛፍ መብራት ብልጭ ድርግም ይላሉ። እያንዳንዱ አፕ ከእነዚህ ሁለት ጣጣዎች መሀል የራሱን ቦታ መርጧል። «ከ1 ደቂቃ በፊት ነበርክ!» ብሎ መከራከር ታዲያ ምን ላይ ቆሞ ነው?

የልብ ምቱ ሲስተካከል ሌላ ጉድ መጣ። ስልክም ኮምፒውተርም የሚጠቀም ሰው ስልኩን ሲዘጋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ እያለ ነጥቧን አጠፋሁበት። ነጥቧ መጥፋት ያለባት የሰውየው የመጨረሻ መስመር ሲዘጋ መሆኑን የተማርኩት ከቅሬታ ነው።

«ላስት ሲን ላይ ያለው ሰዓት የሱ አገር ሰዓት ነው»

አይደለም፤ የእናንተ ነው። ላስት ሲን ማለት ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ኦንላይን የነበረበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን የሚያሳየው የተመልካቹ ስልክ ወደ ራሱ አካባቢ ሰዓት ቀይሮ ነው። አዲስ አበባ ያለች እናት የዋሽንግተን ልጇን ላስት ሲን «3:10» ከሌሊት ብላ ስታነብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:10 መሆኑ ነው፤ ልጅቷ ግን አፑን የከፈተችው በእነሱ ብርድ ወራት ከሆነ ከምሽቱ 1:10 ላይ፣ ራት ሰዓት ላይ ነው። በሙቀት ወራት ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ይወርዳል። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። በዚህ ላይ የስልኩ ፈረንጅ ሰዓት እና የእኛ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሲጨመር፣ «ሌሊት ምን ትሠሪያለሽ?» የሚል ስንት ጭቅጭቅ በከንቱ እንደተነሣ አስቡት።

«ላስት ሲን ሪሰንትሊ የሚለው ብሎክ ስላደረገኝ ነው»

ቴሌግራም ላይ ትክክለኛውን ሰዓት ለደበቀ ሰው የሚታየው ግምታዊ ቃል ነው። «ሪሰንትሊ» (በቅርቡ) ከአንድ ሰከንድ እስከ ሁለት ሦስት ቀን ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ከዚያ በሳምንት ውስጥ፣ በወር ውስጥ እያለ ይሄድና ከወር ካለፈ «ከረጅም ጊዜ በፊት» ይላል። ብሎክ ለተደረገ ሰው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ነገር ግን ቴሌግራም ከከፈተ ወር ያለፈውም ሰው እንዲሁ ስለሚታይ ማስረጃ አይሆንም።

ሰዓቱን ያጣችሁት በራሳችሁ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። የራሱን ሰዓት የደበቀ የሌላውን አያይም። ከ2024 ጀምሮ ለቴሌግራም ፕሪምየም የሚከፍሉ ሰዎች የራሳቸውን ደብቀው ያልደበቀውን ሰው ሰዓት ማየት ይችላሉ፤ በግሌ ይህ አይዋጥልኝም።

«ላስት ሲኔን ደብቄያለሁ፤ ማንም አያየኝም»

ዋትስአፕ ላይ ለብዙ ዓመት ላስት ሲን መደበቅ ይቻል ነበር፤ «ኦንላይን» የሚለውን መደበቅ ግን አይቻልም ነበር። እሱንም መደበቅ እንደሚቻል የተነገረው በኦገስት 2022 ነው። ቴሌግራምም ላይ ደብቃችሁ ለአንድ ሰው ወይም አብራችሁ ባላችሁበት ግሩፕ መልእክት ከላካችሁ ለ30 ሰከንድ ያህል ኦንላይን ትታያላችሁ። የላከ ሰው አለ፤ ይህን መደበቅ አይቻልም።

«ምን ቸገረኝ፣ ማን ምን ያደርግበታል?» ለሚል ሰው የምነግረው ነገር አለኝ። የጀርመኑ ኡልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት፣ 19 የዋትስአፕ ተጠቃሚዎች መቼ ኦንላይን እንደሆኑ ብቻ ለአራት ሳምንት መዘገቡ። አንዲት መልእክት አላነበቡም። ከዚያች «ገባ፣ ወጣ» ከምትል መዝገብ ብቻ የሰዎቹን የዕለት ውሎ፣ ከልማዳቸው የወጡባቸውን ቀኖች፣ መጻጻፍ በማይገባ ሰዓት መጻጻፋቸውን፣ እንዲያውም ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ለማወቅ ቻሉ። ሁለት ሰዎች በየማታው ተከታትለው ሲገቡና ሲወጡ መገመት አያቅትም።

በ2016 ዋትስአፕ መልእክቶችን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መቆለፉ ይህን አይለውጠውም። የተቆለፈው የጻፋችሁት ነው፤ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ሰዓት ለሰርቨሩ ይታያል።

«መከታተያ አፖች ዋትስአፕን ሰብረው ነው የሚገቡት»

ይህን የሚሉት ሻጮቹ ናቸው። እንዲህ ዓይነት አፕ ምንም ሳይሰብር፣ የተሰጠውን ስልክ ቁጥር ይዞ ሌት ተቀን «አለ? የለም?» እያለ መልሱን ይመዘግባል። በእጅ ማድረግ የሚቻል፣ ሰው ግን የሚሰለቸው ሥራ ነው። የትዳር ጓደኛውን ለመከታተል ገንዘብ የከፈለ ሰው ከላይ የተናገርነውን ሁሉ ስህተት በሰንጠረዥ ተደርድሮ ይረከባል። ያስገባው ቁጥር እና የራሱም ቁጥር ማን እጅ እንደሚቀር ደግሞ አይጠይቅም።

«ነጥብ ማብራት ምን ይከብዳል?»

500 ሰው ያለበት ግሩፕ ውሰዱ። አንዱ ሲገባ ለቀሩት 499 ይነገራል። ሁሉም ጠዋት አንድ አንድ ጊዜ ቢገቡ 249,500 ማስታወቂያ ማለት ነው፤ ገና ማንም «እንደምን አደራችሁ» ሳይል። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ትልልቅ ግሩፖች ላይ ስንት ሰው ኦንላይን እንዳለ ቁጥር የምታዩት ለዚህ ይመስለኛል።

«የስማርትፎን ዘመን ጣጣ ነው»

በ1971 በስታንፎርድ ሌስ ኧርነስት የሚባል ሰው ማን ኮምፒውተር ላይ እንዳለ የሚያሳይ «ፊንገር» የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ዋትስአፕም በ2009 ሲጀመር ጃን ኩም ያሰበው ከሰው ስም ጎን «ሥራ ላይ ነኝ» ዓይነት ሁኔታ ማሳየትን ነበር፤ መልእክት መላኩ በኋላ የመጣ ነው።

«የሰው ላስት ሲን የሚያይ ሰላይ ነው»

ጎረቤታችን ያሉ እናት ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። መደወል የምትችለው አንዳንዴ ነው፤ ስለዚህ እማማ ጠዋት ጠዋት የቴሌግራም ሰዓቷን ያያሉ። ሌሊት ገብታ ከሆነ ደህና አድራለች ማለት ነው። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው እየተንቀጠቀጡ መጡ። ሰዓቱ ጠፍቶ «ሪሰንትሊ» የሚል ቃል ተተክቷል፤ ለሁለት ቀን ቢጠብቁም አልተለወጠም። ቃሉ ሦስት ቀንም ቢሆን እንደማይለወጥ አስረዳኋቸው፤ አልተጽናኑም፤ እውነታቸውን ነው። ለልጅቷ ጻፍኩላት። ማታ መለሰች፦ አሠሪዋ መቼ መቼ ስልክ እንደምትነካ ከላስት ሲን እያየች ስለተቆጣቻት ለሁሉም ሰው ዘግታዋለች። ፕራይቬሲ ውስጥ ላስት ሲን ኤንድ ኦንላይን ገብታ፣ «ኦልዌይስ ሼር» (ሁልጊዜ አሳይ) ከሚለው ሥር የእናቷን ስም ብቻ እንድትጨምር ነገርኳት። በማግስቱ እማማ ስልኩን በአጥራቸው በኩል አሳዩኝ፤ 11:40 ማታ ይላል። ከሌሊቱ 5:40 መሆኑን ሒሳቡን ሠርቼ ነገርኳቸውና ቡናቸውን ሊያፈሉ ገቡ።